ወንዝ የሚወጣው ዓሣ፦ ሳልሞን፣ ስቲልሄድ እና የጣናው ነጭ ዓሣ

(የፖድካስቱ ክፍል ሙሉ ጽሑፍ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የምቀርጸው ከአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ከኋላዬ የአውቶቡስ ድምፅ ብትሰሙ፣ የማይክሮፎኑ ችግር አይደለም። ርዕሳችን ደግሞ ዓሣ ነው። አዎ፣ በአውቶቡስ ጣቢያ ስለ ዓሣ። ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያት አለኝ።

አብዛኞቻችን ሳልሞንን የምናውቀው ከሱሺ ነው። ወይ ደግሞ ከሱፐርማርኬቱ ፍሪጅ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። እሱ ባብዛኛው ኖርዌይ ውስጥ በባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ውስጥ እየተቀለበ ያደገ ዓሣ ነው። ወንዝ አይቶ አያውቅም። ግን የዱሩ ሳልሞን ሌላ ታሪክ አለው። የዛሬው ክፍል መጀመሪያ ይህ ዓሣ በወንዝ ውስጥ በመንጠቆ እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳል። ከዚያ ወደ ጎንደር እንሄዳለን። ምክንያቱም ወላጆቻችንና አያቶቻችን በመጡበት አገር፣ ልክ እንደ ሳልሞን ወንዝ እየወጣ እንቁላሉን የሚጥል ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ደግሞ አደጋ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጣቢያው

እሑድ ጠዋት እዚህ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ወታደሩ ሁሉ ትልቅ ቦርሳውን ተሸክሞ ወደ ባሲስ ይመለሳል። ሐሙስ ማታና ዓርብ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። አሁን አንድ ሰው «በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ወታደር አግኝልኝ» ቢባል ምን ያደርጋል? በየሰፈሩ እየዞረ በር አያንኳኳም። እሑድ ጠዋት እዚህ በሩ ላይ ይቆማል፣ አለቀ። ሁለት ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃዋል፦ ሰዓቱንና በሩን።

ወንዝ የሚወጡ ዓሦችን ማጥመድም በመሠረቱ ይሄ ነው። ሳልሞን በውቅያኖስ ውስጥ ሲኖር ተበታትኖ ነው፣ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ግን ሁሉም በአንድ ወቅት፣ በአንድ ወንዝ አፍ በኩል ይገባል። ሰዓቱ ይታወቃል፣ በሩም ይታወቃል። ለአጥማጁ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለዓሣው ደግሞ ትልቅ አደጋ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ጎንደር ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ሳልሞን ማነው? ስቲልሄድስ?

ሳልሞን የሚወለደው በወንዝ ውስጥ ነው፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት፣ ጠጠር መሐል። ትንሽ ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል። ባሕር ውስጥ እየበላ ይወፍራል። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። እንዴት ያውቀዋል? በሽታ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት የነበሩት አርተር ሃስለርና ባልደረቦቻቸው ያስረዱት ይህንን ነው፦ እያንዳንዱ ወንዝ ከአፈሩና ከዕፅዋቱ የሚመጣ የራሱ ሽታ አለው፣ ዓሣውም ልጅ ሳለ ያንን ሽታ ይይዘዋል። የአያታችሁ ቤት የቡና ጭስ ከደረጃው ሥር ሲሸታችሁ በሩን ሳታዩ እንደምታውቁት ማለት ነው።

በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ያሉት የሳልሞን ዓይነቶች እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ ይሞታሉ። ጉዞው የአንድ ጊዜ ነው። ስቲልሄድ ግን ይለያል። ስቲልሄድ ማለት የቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው፣ ልዩነቱ ወደ ባሕር ወርዶ መመለሱ ብቻ ነው። እንቁላል ጥሎ ወደ ባሕር ተመልሶ፣ ሌላ ዓመት እንደገና ሊመጣ ይችላል።

እና እዚህ ጋ አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። ባሕር የማይወርደው የቀስተ ደመና ትራውት፣ ማለትም የስቲልሄድ የቤት ልጅ ወንድሙ፣ እኛም አገር አለ። በሰሜን እስራኤል ኪቡጽ ዳን ውስጥ በቀዝቃዛው የዳን ወንዝ ውሃ ይረባል፤ በዕብራይስጥ «ፎረል» ወይም «ትሩታ» የምንለው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም አለ። በባሌ ተራሮች፣ በዌብ፣ በሻያና በደንካ ወንዞች ውስጥ፣ ከኬንያ ተወስዶ የተለቀቀ ትራውት አሁንም ይኖራል። ዲንሾ አካባቢ ሰዎች በመንጠቆ ያጠምዱታል።

አሽቀሎን ግን ሳልሞን የለም። ሜዲትራኒያን የሳልሞን ባሕር አይደለም፣ ይሞቃል። ከከተማችን በስተደቡብ ያለው ናሐል ሺቅማም ክረምት ላይ ጎርፍ ይዞ ይመጣል፣ በጋ ላይ ይደርቃል። ሳልሞን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ፣ ቀዝቃዛ፣ አየር የበዛበት ውሃ ይፈልጋል።

ማጓጊያና ማታለያ

እሺ፣ አሁን ወደ መንጠቆው። አጥማጁ በእጁ ያለው ዘንግ (እኛ «ሐካ» የምንለው)፣ ክር፣ መንጠቆና ትንሽ ክብደት ነው። መንጠቆው ላይ የሚደረገው ነገር በሁለት ይከፈላል።

አንደኛው ማጓጊያ ነው፣ እውነተኛ ምግብ። ለሳልሞንና ለስቲልሄድ በጣም የታወቀው የራሱ የሳልሞን እንቁላል ነው፣ በጨውና በስኳር ተሽቶ እንዳይፈርስ የጠነከረ። ሽሪምፕና የመሬት ትልም ይሠራሉ። ማጓጊያ የሚሠራው በሽታው ነው። ውሃው ሲደፈርስ ዓሣው ባያይም ያሸታል።

ሁለተኛው ማታለያ ነው። ምግብ አይደለም፣ ምግብ ይመስላል፤ ወይም ዓሣውን ያናድደዋል። ስፒነር የሚባለው ከመንጠቆው በላይ የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ቅጠል አለችው። ማንኪያ የሚባለው ደግሞ እውነትም የማንኪያ ጭልፋ ይመስላል፣ ሲጎተት እየተወዛወዘ እንደ ቆሰለ ትንሽ ዓሣ ያብለጨልጫል። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ የዓሣ ቅርጽ ያላቸውም አሉ።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፦ ሳልሞን ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ባሕር ላይ ባጠራቀመው ስብ ነው የሚጓዘው። ታዲያ የማይበላ ዓሣ ለምን መንጠቆ ይነክሳል? ከልማድ፣ ከቁጣ፣ ከደመ ነፍስ። አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ፊቱ ላይ ሲያልፍ ይነክሰዋል። በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ገፋ ስታደርጉት ዞር ብሎ እንደሚቆጣ ሰው። ስለዚህ ማታለያው ዓሣው ፊት ማለፍ አለበት። ሁለት ሜትር ርቆ ቢያልፍ ከመጤፍም አይቆጥረውም። ስቲልሄድ ግን በወንዝም ውስጥ አንዳንዴ ይበላል፣ ለዚህ ነው በእንቁላልና በትል የሚሸነፈው።

ዓሣው የት ነው የሚቆመው? ውሃ ሽቅብ የሚወጣ ማንኛውም ፍጡር ይደክመዋል። ስለዚህ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ጥልቁ ቦታ አልቆ ውሃው መሳሳት በሚጀምርበት። ጎበዝ አጥማጅ ወንዝ ሲያይ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያየው፣ የዕረፍት ቦታዎችን ነው የሚያየው። ክሩን ከላይ ይጥላል፣ ክብደቱ የወንዙን ወለል እየነካካ፣ ማጓጊያው በውሃው ፍጥነት እየተንሳፈፈ ወደ ዓሣው ይወርዳል። ከውሃው ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ዓሣው ይጠረጥራል።

ጊዜውስ? ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ይሞላል፣ ዓሣው ይንቀሳቀሳል። ውሃው በጣም ሲደፈርስ ማጥመድ ከባድ ነው። ዝናቡ ቆሞ ውሃው ቀስ እያለ ሲወርድና መጥራት ሲጀምር ግን፣ ያ ነው ምርጡ ሰዓት። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ደማቅ ቀለምና ትልቅ ማታለያ፣ ውሃው ጥሩ ከሆነ ደብዘዝ ያለና ትንሽ።

እና አንድ ሕግ ልብ በሉ። በአሜሪካ በዋሽንግተንና በኦሪገን ግዛቶች፣ በአብዛኞቹ ወንዞች፣ የዱር ስቲልሄድ ከያዛችሁ መልሳችሁ መልቀቅ አለባችሁ። ሰው በማራቢያ ጣቢያ ያራባውን ብቻ ነው ቤት መውሰድ የሚቻለው። እንዴት ይለያል? ሰው ያራባው ዓሣ ገና ትንሽ ሳለ ከጭራው አጠገብ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ ትቆረጣለች። ክንፏ ካለች ዓሣው የዱር ነው፣ ይመለሳል። ዘንግና መንጠቆ ይህን ዕድል ይሰጣል፦ አንድ ዓሣ ትይዛለህ፣ ታየዋለህ፣ ትወስናለህ።

ከጣና የሚወጣው

አሁን አውቶቡሱን ቀይረን ወደ ጎንደር።

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም 18 ኪነሬቶችን ጎን ለጎን እንደማስቀመጥ። ግን ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ በጣም ጥልቅ በሆነበት 14 ሜትር ነው። ዓባይ ከዚያ ይወጣል፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላም በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል፣ 40 ሜትር ገደማ። ያ ፏፏቴ ግድግዳ ነው። ከታች ያሉ የዓባይ ዓሦች ወደ ላይ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ጣና ውስጥ ያሉት ዓሦች ለረጅም ዘመን ብቻቸውን ኖሩ፣ ብቻቸውንም ተለወጡ።

ውጤቱ ምን መሰላችሁ? የአካባቢው ሰው ባንድ ስም «ነጭ ዓሣ» የሚለው፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ የተባለ ዓሣ፣ ጣና ውስጥ ወደ 15 ዓይነት ሆነ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አንዳንዶቹን መዝግቦ ነበር። ከዚያ በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ለዩአቸው። አንዱ ስሙን ያገኘው ከጎርጎራ ነው። ሌላው ከራሱ ከጣና። አንዱን ደግሞ በ1997 «ትሩቲፎርሚስ» አሉት፣ «የትራውት ቅርጽ ያለው» ማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈጣን ዓሣ አዳኝ። ስለዚህ «የጎንደር ሳልሞን» ብል የኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም፣ ሳይንቲስቶቹም መመሳሰሉን አይተውታል።

ግን ዘመዱ ሳልሞን አይደለም። ነጭ ዓሣ የካርፕ ቤተሰብ ነው። አዎ፣ የካርፕዮን። የገፊልተ ፊሽ የአጎት ልጅ ማለት ነው! በኪነሬት የሚገኘው «ቢኒት» የሚባለው ዓሣም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፦ የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች አፋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ ከጣናዎቹ 15 ዓይነቶች 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ። እንደዚህ ዓይነት የካርፕ ቤተሰብ ስብስብ በሌላ ቦታ የነበረው ፊሊፒንስ ውስጥ በላናኦ ሐይቅ ነበር። አብዛኞቹ የዚያ ሐይቅ ዓሦች ዛሬ ጠፍተዋል። ከውጭ የመጡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ ጨረሷቸው። ጣና የቀረው ነው።

ዓሣ አዳኞቹ ነጭ ዓሦች በመንጠቆ ይያዛሉ። ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ ሰክቶ መጣል ለእነሱ ጥሩ ማጓጊያ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ማንኪያም ያታልላቸዋል፣ የሚያድኑት በዓይናቸው ነውና።

የክረምቱ ጉዞ

አሁን ወደ ሰዓቱና በሩ። በሰኔና በሐምሌ ዝናቡ ሲጀምር ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ቡናማ ይሆናሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይ። በዚያ ጊዜ ነጭ ዓሣው ከሐይቁ እየመጣ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በነሐሴና በመስከረም ወደ ላይ ይወጣል። ትልቁን ድፍርስ ወንዝ ትቶ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባል፣ ውሃው ጥሩ፣ ወለሉ ጠጠር ወደሆነበት። እንቁላሉን ጠጠሩ መሐል ይጥላል። ጭቃ ከሆነ እንቁላሉ ይታፈናል፣ አየር አያገኝም። እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ከዝናቡ በኋላም ትንንሾቹ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

በጉማራ ወንዝ ብቻ ሰባት ዓይነት ነጭ ዓሣ ለመራባት ሲወጣ በጥናት ታይቷል። ትሩቲፎርሚስም ከነሱ አንዱ ነው።

ከእናንተ ውስጥ ቤተሰቡ ከደምቢያ የሆነ አለ? መገጭና ድርማ የደምቢያ ወንዞች ናቸው። መገጭ ከጎንደር በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ ወደ ጣና ይወርዳል፤ የጎንደር ከተማው አንገረብ ወደ እሱ ነው የሚገባው። ቤተ እስራኤል ደግሞ መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ ነበር የሚሠሩት፣ ለመንጻት የሚፈስ ውሃ ያስፈልጋቸው ነበርና። ስለዚህ ይህ ዓሣ ክረምት ላይ በአያቶቻችን መንደሮች ሥር ባለፈ ውሃ ውስጥ ነበር የሚወጣው።

ኦሪትና ቅርፊት

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁትን ልመልስ። ኮሸር ነው? በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለው ሕግ ግልጽ ነው፦ ክንፍም ቅርፊትም ያለው ዓሣ ይበላል፣ የሌለው አይበላም። ታልሙድ የማያውቁት ቄሶቻችን ይህን ከኦሪት በቀጥታ ያውቁት ነበር።

የጣናን ሦስት ዋና ዋና ዓሦች ከእስራኤሎቹ ጋር ላስተያያቸው። ቀረሶ እኛ «አምኑን» ወይም «ሙሽት» የምንለው ነው፣ ክንፍና ቅርፊት አለው። ነጭ ዓሣ እንዳልኳችሁ የቢኒትና የካርፕዮን ዘመድ ነው፣ ትልልቅ ቅርፊት አለው። አምባዛ ግን በዕብራይስጥ «ስፋምኑን» ነው፣ ጢም ያለው፣ ቆዳው ለስላሳ። ክንፍ አለው፣ ቅርፊት የለውም። እዚያም አይበላም፣ እዚህም አይበላም። ሳልሞንና ትራውትስ? ቅርፊታቸው ትንሽ ቢሆንም አለ፣ ይበላሉ። አያቶቻችሁ ኪነሬት ዳር ቆመው ገበያ ላይ ያለውን ዓሣ ቢያዩ፣ ሻጩን ሳይጠይቁ ይለዩታል።

በሩ ላይ የተዘረጋው መረብ

አሁን ከባዱ ክፍል። ጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ይጠመድ ነበር። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ ከዳር ዳር፣ በአነስተኛ መረብና በመንጠቆ ያጠምዱ ነበር። ታንኳ ሩቅ አይሄድም፣ ብዙም አይጭንም። ሐይቁ ይበቃቸው ነበር።

በ1986 ለውጥ መጣ። በልማት ፕሮጀክት በኩል የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ለድሃ አጥማጅ ገቢ፣ ለከተማ ሰው ምግብ። እናም ዓሣው በብዛት መውጣት ጀመረ። ግን አጥማጁም የጣቢያውን ምስጢር ያውቃል። ክረምት ሲመጣ ዓሣው የት እንደሚሰበሰብ፣ በየትኛው ወንዝ አፍ እንደሚቆም ያውቃል። መረቡን እዚያ ይዘረጋል። እሑድ ጠዋት የጣቢያውን በር ዘግቶ የሚገባውን ሁሉ እንደማፈስ ነው። የሚያዘው ለመራባት የመጣ ዓሣ ነው።

ወንዙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ብርብራ። ብርብራ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፣ ገልበጥ ብሎ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዓሣው አየሩን እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ብርብራ ደግሞ አይመርጥም። ትልቁን ለመብላት ሲባል ጫጩቱም ያልቃል።

ውጤቱ በጥናት ተለክቷል። በ1991 እና በ2001 የተደረጉ መለኪያዎች ሲነጻጸሩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በክብደት 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከአራት ዓሣ ሦስቱ የሉም ማለት ነው። በተለይ የተጎዱት ወንዝ የሚወጡት ናቸው። ቀረሶ ግን ያን ያህል አልተጎዳም፣ ለምን? እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው፣ በአንድ በር ማለፍ አይገደድም፣ ቶሎም ይደርሳል። ነጭ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ችግሮች ተጨመሩ። ከወንዞቹ ወለል ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ይወጣል፤ ያ ጠጠር ደግሞ የእንቁላሉ አልጋ ነው። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ አረም በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቷል፣ ልክ ወንዞቹ በሚገቡበት በኩል። በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ለፎገራ ገበሬ ውሃ ነው፣ ለዓሣው ግን ግድግዳ ነው።

ሕግ አለ፣ ተስፋም አለ

በ2003 ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አወጣች። ሕግ አለ ማለት ነው። ግን ክረምት ላይ ጭቃ በጭቃ በሆነ የወንዝ አፍ ላይ ሌሊት የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ፣ ወረቀቱ ዓሣ አያድንም። አጥማጁም ለሁለትና ሦስት ወር አታጥምድ ሲባል ልጆቹን ምን ያበላል? ይህ የክፋት ታሪክ አይደለም፣ የችግር ታሪክ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በአንድ ነገር ላይ ደጋግመው የሚያተኩሩት፦ ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም፣ የወንዞቹን አፍ በመራቢያው ወራት መተው ነው። በሩን ብቻ፣ ለሰዓቱ ብቻ። ቀረሶውን በሌላው ቦታ ማጥመድ ይቻላል። እኛም አገር ኪነሬት ላይ በመራቢያ ወራት ማጥመድ የሚከለከልበት ጊዜ አለ፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

ግድብስ? በአሜሪካ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ በ1930ዎቹ የተሠራው የቦኔቪል ግድብ ለዓሣ መወጣጫ ደረጃ ተሠራለት። ግራንድ ኩሊ የተባለው ትልቁ ግድብ ግን ደረጃ የለውም፣ ከእሱ በላይ የነበረው የሳልሞን ጉዞ በሙሉ ተቋረጠ። በኤልዋ ወንዝ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሁለት አሮጌ ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ፈረሱ። ሳልሞንና ስቲልሄድ መቶ ዓመት ገደማ ተዘግቶባቸው ወደነበረው ወንዝ ተመልሰው ወጡ። ማንም አልጠራቸውም። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ።

ርብ ላይ ያለው ግድብ ይፍረስ እያልኩ አይደለም፤ ሰው ሩዝ ይዘራበታል። ግን ግድብ ሲሠራ «ዓሣው በየት በኩል ያልፋል?» የሚል ጥያቄ በዲዛይኑ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ከእናንተ መሐል ቴክኒዮን ወይም ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ምህንድስናና ሥነ ሕይወት የምትማሩ አላችሁ። አማርኛ ትናገራላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጣና ዳር ነው፣ በዚህ ዓሣ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም አሉት። ይህ ለማስተርስ የሚሆን ርዕስ ነው፣ ቋንቋው እንቅፋት የማይሆንባችሁ እናንተ ናችሁ።

ለናንተ የቤት ሥራ

ከመለያየታችን በፊት ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ አሽቀሎን ባሕር ዳር ዘንግ ይዛችሁ ልትሞክሩ ከሆነ፣ የግብርና ሚኒስቴርን የዓሣ ማጥመድ ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። የተከለከለ ወቅት፣ የተከለከለ ቦታ፣ የተከለከለ መጠን አለ። ትንሽ ዓሣ ከያዛችሁ እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ ያዙት፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ልጋግ ይገፍፋል። መንጠቆውን ቀስ ብላችሁ አውጡና ልቀቁት።

ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው ሰንበት ላይ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። «አባባ፣ የእናንተ ወንዝ የቱ ነበር? ክረምት ላይ ዓሣ ይወጣ ነበር? በምን ትይዙ ነበር? ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር?» ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱት። ሳይንቲስቶቹ መለካት የጀመሩት ከ1990 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት መገጭ ላይ ምን ያህል ዓሣ እንደነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በ1984 እና በ1991 በአውሮፕላን የመጡት ሰዎች ትውስታቸው የቆመው ከመረቡ መብዛት በፊት በነበረው ወንዝ ላይ ነው። ይህ ለተመራማሪ ወርቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የምታገኙትን መልስ በድረ ገጹ በኩል ላኩልን፤ የወንዙን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የዓሣውን ስም። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከቋራ፣ ከየትም ይሁን። የሰዎቹን ስም መጻፍ አያስፈልግም። በቂ ሲሰበሰብ አንድ ክፍል እንሠራበታለን፣ በአያቶቻችሁ ድምፅ።

ለዛሬ ይሄው ነው። እስከሚቀጥለው ክፍል ሰላም ሁኑ!